ፋሲል፡ ሰማዕት፣ ንጉሥ፣ ግንብ እና የእግር ኳስ ቡድን የሚጠሩበት ስም

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በቦሌ መንገድ የሚጓዝ ሰው ኦሎምፒያን እንዳለፈ ወሎ ሰፈርን ያገኛል። ዛሬ ፎቅ ከፎቅ ጋር የሚተያይበት ይህ የአዲስ አበባ ክፍል በስሙ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ወሎ ነው፤ የሀገርና የሕዝብ ስም። ሁለተኛው ሰፈር ነው፤ ሰፈረ ከሚለው ግስ የወጣ፣ ሠራዊት ከነጓዙ ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት ቃል። ጎፋ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እያልን የከተማዋን መንደሮች ስንጠራ፣ ሳናውቀው የአንድ ረጅም ዘመን ታሪክ እንጠራለን። የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ ለዘመናት ሰፈር ነበረና። ንጉሡ ሲነሣ የሚነሣ፣ ንጉሡ ሲያርፍ የሚያርፍ፣ ማገዶና ቀለብ ሲያልቅ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ምድር የሚጓዝ የድንኳን ከተማ ነበር።

ያን የድንኳን ዘመን በድንጋይና በኖራ የገቱት ንጉሥ አፄ ፋሲል ናቸው። ስማቸው ዛሬ ከእርሳቸው በላይ ሥራ በዝቶበታል። ግንቡ ፋሲል ነው። መዋኛው ፋሲል ነው። ስታዲየሙ ፋሲለደስ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በስማቸው ይጠራል። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው የጎንደር ቡድን ፋሲል ከነማ ነው። በየቤቱ ፋሲል የተባሉ ሕፃናት አድገው አባት ሆነዋል። ስሙን የሚጠራው ብዙ ነው፤ የስሙን ባለቤት ሕይወት የሚያውቀው ግን ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ስሙ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ በመካከልም ያ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ስሙ ከንጉሡ በፊት የሰማዕት ስም ነበር። ፋሲለደስ በመጀመሪያው የክርስትና ዘመን በአንጾኪያ የነበረ ባለሥልጣን ነው። ንጉሡ ዲዮቅልጥያኖስ ለጣዖት ስገዱ ብሎ ባወጀ ጊዜ ሹመቱንና ክብሩን ትቶ ሰማዕትነትን እንደተቀበለ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይተርካሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በስንክሳሯ መስከረም 11 ቀን ታስበዋለች። ስሙ በመነሻው የግሪክ ነው፤ ሥሩም ንጉሥ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን የንጉሥ ልጅ የሚል ትርጉም አለው። ከግሪክ ወደ ግብጽ፣ ከግብጽ ወደ ግዕዝ ሲሸጋገር ፋሲለደስ ሆነ፤ በሕዝቡ አንደበት ደግሞ አጥሮ ፋሲል ተባለ።

ይህን ስም የተሰጠው ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1603 በሸዋ ምድር መገዘዝ ሲወለድ፣ የንጉሥ ልጅ የሚለው ትርጓሜ ገና አልደረሰበትም ነበር። አባቱ ሱስንዮስ በዚያ ጊዜ ዙፋን የሚፈልጉ ሸፋች መስፍን እንጂ ንጉሥ አልነበሩም። ሱስንዮስ በልጅነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው በመካከላቸው ያደጉ፣ የጦር ስልታቸውንም የተማሩ ሰው ናቸው። ፋሲል ሕፃን ሳሉ አባታቸው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየዞሩ ተዋጉ፤ በመጨረሻም ተቀናቃኞቻቸውን አሸንፈው እ.ኤ.አ. በ1607 ዙፋኑን ያዙ። የመገዘዙ ሕፃን እንግዲህ እንደ ስሙ የንጉሥ ልጅ ሆነ።

ልጅነታቸውና ወጣትነታቸው ያለፈው በጣና ዙሪያና በደንቀዝ ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁለት ዓለማት ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በአንድ ወገን የአባቶች ሃይማኖት፣ የግብጽ ጳጳስ፣ ደብተራውና መነኩሴው ነበሩ። በሌላ ወገን ከአውሮፓ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ቋንቋ የሚያውቀው፣ ግንባታም የሚችለው ፔድሮ ፓኤዝ በንጉሡ ዘንድ ትልቅ ተሰሚነት አገኘ። ሱስንዮስ የፖርቱጋልንና የስፔንን የጦር ድጋፍ ይሹ ነበርና፣ ልባቸው ቀስ በቀስ ወደ ሮም አዘነበለ። በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ ገለጡ።

ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። እርሱን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ በአደባባይ ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ተደራረበ። ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ምእመናኑ እንደገና ይጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ የጾምና የበዓል ሥርዓት ይለወጥ፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር ተባለ። ለዘመናት ሲጾም፣ ሲቀድስና ሲጸልይ የኖረ ሕዝብ አባቶቹ ክርስቲያን አልነበሩም እንደተባለ ተሰማው። ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ጦር አነሣ። መነኮሳቱ ከገዳም ወጥተው ሕዝቡን ቀሰቀሱ። ጎጃም፣ ቤጌምድር፣ ላስታ በየተራ ሸፈቱ።

ወራሹ ፋሲል በዚህ እሳት መካከል ቆመው ነበር። በአንድ በኩል የአባታቸው ልጅና የጦር አዛዥ ናቸው፤ የአባታቸውን ትእዛዝ ይፈጽማሉ፤ በአባታቸው ባንዲራ ሥር ይዋጋሉ። በሌላ በኩል እናታቸው እቴጌ ሥልጣን ሞገሣ የአዲሱ ሃይማኖት ተቃዋሚ ነበሩ፤ ከመኳንንቱም ብዙዎቹ ዓይናቸውን ወደ ወራሹ አቅንተው ይጠብቁ ነበር። ልጅየው በአባታቸው ላይ ጦር አላነሡም። ዙፋኑን ለመንጠቅ የሚያስችል ድጋፍ ቢኖራቸውም ታገሡ። ይህ ትዕግሥት በኋላ የመጣውን ሁሉ የወሰነ ነው።

በላስታ ተራሮች መልክአ ክርስቶስ የተባለ የንጉሥ ዘር ተነሥቶ የዐማፅያኑ መሪ ሆነ። የንጉሡ ጦር በላስታ ገደሎች ደጋግሞ ተሸነፈ። ከዚያ የላስታ ሰዎች ከተራራቸው ወርደው ወደ ንጉሡ መናገሻ ገሠገሡ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1632 ሁለቱ ጦሮች ወይና ደጋ በተባለ ሥፍራ ተገናኙ። ድሉ የሱስንዮስ ሆነ። በማግሥቱ ግን ሜዳው ላይ የተረፈው ድል ሳይሆን ሬሳ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች በአንድ ቀን ወድቀው ነበር። ፋሲልና መኳንንቱ ንጉሡን በዚያ ሜዳ መካከል እየመሩ የወደቁትን እንዳሳዩአቸው ይተረካል። የሞቱት የውጭ ጠላት እንዳልሆኑ፣ የገዛ ሕዝባቸው፣ የገዛ ዘመዶቻቸው እንደሆኑ፣ በዚህ ዓይነት ድል መንግሥት እንደማይጸና አስረዱአቸው።

ያ ቀን የአንድ ንጉሥን ልብ ሰበረ። ሱስንዮስ ብዙም ሳይቆዩ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ ዘውዳቸውንም ለልጃቸው አስረከቡ። በሀገሩ ደስታ ሆነ፤ ከበሮ ተመታ፤ እልልታ ቀለጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሱስንዮስ ታመው ሞቱ፤ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ። ልጃቸው በክብር ቀበሯቸው። በ1624 ዓ.ም. የነገሡት ፋሲል የዙፋን ስማቸውን ዓለም ሰገድ አሉ። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር።

አዲሱ ንጉሥ የተረከቡት የቆሰለ ሀገር ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው የጦርነቱን ምክንያት ማስወገድ ነበር። ከእስክንድርያ አዲስ ጳጳስ እንዲመጣ ላኩ። ሜንዴዝንና ባልንጀሮቹን መጀመሪያ ወደ ትግራይ ፍሬሞና አስወጡ፤ በ1634 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሀገር አባረሩ። ተደብቀው ሊቀሩ የሞከሩት ኢየሱሳውያን ኋላ በሞት ተቀጡ። የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ፣ የካቶሊክ እምነት ጽኑ ደጋፊ የነበሩት ታላቅ የጦር ሰው፣ ሃይማኖታቸውን አልለውጥም በማለታቸው ተግዘው ሕይወታቸውን አጡ። ሰላም የመጣው እንግዲህ ያለ ዋጋ አልነበረም። የፋሲልን ስም በፍቅር የሚጠራ ሰው ይህንንም የታሪካቸውን ገጽ ማለፍ የለበትም። የደም መፋሰሱን ያስቆሙት ንጉሥ ለማስቆም ሲሉ ራሳቸው ጨክነዋል።

የላስታውም ነገር በሃይማኖቱ መመለስ ብቻ አልበረደም። መልክአ ክርስቶስ ጦርነቱን የጀመረው ለእምነት ቢሆንም ዙፋን ቀምሶ ነበርና አልገታም። ፋሲል ወደ ላስታ ዘምተው ጦራቸው በብርድና በገደል ክፉኛ ተጎዳ። ዐማፂው እስከ ሊቦ ዘልቆ ለጥቂት ጊዜ በንጉሥ ወንበር ተቀመጠ። ፋሲል ግን ከሰሜን አገረ ገዥና ከወንድማቸው ገላውዴዎስ ርዳታ አግኝተው ጦራቸውን አሰባሰቡ፤ በድል የሰከረውን የላስታ ጦር መትተው መሪውን ገደሉ። ከዚያ በኋላ ከላስታ ጋር ሰላም ወረደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በንጉሡ ልብ አንድ ሌላ ሐሳብ ይመላለስ ነበር። የእርሳቸው አባትና ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት በጣና ዙሪያ ከአንዱ መናገሻ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ኖረዋል። አፄ ሠርፀ ድንግል በጉዛራ ግንብ ሠርተዋል። ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ሰንብተዋል። ነገር ግን ትውልድ ተሻግሮ የዘለቀ መናገሻ አልተገኘም ነበር። በሕዝቡ ዘንድ የነገሥታቱ ቋሚ ከተማ ስሟ በጎ ወይም በጉ ፊደል የሚጀምር ይሆናል የሚል ትንቢት እንደነበረና፣ ጉዛራም ጎርጎራም በዚሁ ተሞክረው እንደነበር ይወራል። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የመረጡት ቦታ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለውን ከፍታ ነው፤ ጎንደርን።

ምርጫው ትንቢት ብቻ አልነበረም። ጎንደር ደጋ አይደለች ቆላ፤ ነፋሻ ናት። ሁለቱ ወንዞች ውኃ ይሰጣሉ። በስተሰሜን ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ምጽዋ፣ በስተምዕራብ ወደ ስናር፣ በስተደቡብ ወደ ጣናና ጎጃም የሚወስዱት የነጋዴ መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። ጨው አሞሌ የጫነው፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ የያዘው ሲራራ ነጋዴ በዚያ ያልፋል። ንጉሥ በአንድ ቦታ ለመቀመጥ ገበያ ያስፈልገዋል፤ ገበያም እንዲደራ የሚቀመጥ ንጉሥ ይሻል። ፋሲል ይህን አስተውለው ነበር።

ግንቡ በጥቁር ድንጋይና በኖራ ተሠራ። አራት ጉልላት ያላቸው የማዕዘን ማማዎች አሉት፤ ከእነርሱ በላይ ደግሞ አንድ አራት ማዕዘን ማማ ከፍ ብሎ የጣናን አቅጣጫ ይመለከታል። ሕዝቡ ጉልላቶቹን አይቶ እንቁላል ግንብ ብሎታል። በ1648 እ.ኤ.አ. ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የደረሰው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ ስለ ቤተ መንግሥቱ ታላቅነትና ውበት በአድናቆት ጽፏል፤ አሠሪውም ከህንድ የመጣ ባለሙያ እንደነበር ገልጧል። በግንቡ ላይ የህንድም፣ የዐረብም፣ የፖርቱጋልም እጅ ይታያል የሚሉ ብዙ ናቸው። ኖራው የተቃጠለው፣ ድንጋዩ የተፈለጠው፣ ቅርጹም ከአክሱም ጀምሮ በሀገሩ ከነበረው የድንጋይ ጥበብ ጋር የተዋሐደው ግን በዚሁ ምድር በዚሁ ሕዝብ እጅ ነው። ፋሲል የውጭ ካህናትን ቢያባርሩም የውጭ ዕውቀትን አላባረሩም።

እዚህ ላይ በታሪካቸው ዘወትር የሚነገር አንድ አባባል መስተካከል አለበት። አፄ ፋሲል ሀገሪቱን ከዓለም ዘግተው እንደኖሩ ይነገራል። የዘጉት አንዱን በር ነው፤ የአውሮፓን። ሌላውን በር ግን በእጃቸው ከፍተዋል። ምጽዋን የያዙትን ቱርኮች ሳይለማመጡ ወደ ባሕር የሚወስድ የንግድ መንገድ ፈልገው ለየመን ኢማሞች ደብዳቤ ጻፉ። የኢማሙ መልእክተኛ የመጣው ንጉሡ እስልምናን ሊቀበሉ ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ሲደርስ ያገኘው ግን ስለ ወደብና ስለ ንግድ የሚያስብ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። በኋላም በዘመናቸው መጨረሻ ወደ ህንድ፣ ወደ ሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ መልእክተኞችን ልከዋል። የመንና ህንድ ድረስ የሚልክ ንጉሥ በሩን የዘጋ አይባልም፤ የትኛው በር እንደሚያዋጣው የመረጠ ነው።

በጎንደር ከግንቡ ሌላ አብያተ ክርስቲያናትን ተከሉ። ሕዝቡ በስማቸው ሰባት አድባራትን ይቆጥርላቸዋል፤ አደባባይ ኢየሱስ፣ ፊት ሚካኤልና ፊት አቦ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በወንዞች ላይ የድንጋይ ድልድዮችን እንዳሠሩም ይነገራል፤ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የዓባይ ድልድይ ከዘመናቸው ጋር ተያይዞ ይጠራል። በአክሱም በግራኝ ጦርነት የፈረሰችውን የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ። ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኛት ነባሯ ጽዮን ማርያም የእርሳቸው ሥራ ናት። የግንቡ ጌታ አክሱምን መርሳት አልፈለጉም፤ አዲስ ከተማ የቆረቆሩት የጥንቱን ከተማ እያደሱ ነው።

ሆኖም የተሟላ ሰላም አላገኙም። ከካቶሊክ ጋር የነበረው ክርክር ሲያበቃ በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ራሱ ሌላ ክርክር ተወለደ። ስለ ክርስቶስ መቀባት በጎጃም ገዳማትና በሌሎች ሊቃውንት መካከል የተነሣው የቅባትና የተዋሕዶ ጉባኤ በእርሳቸው ፊት ተከራክሮ ከእርሳቸው በኋላም ለትውልዶች ቀጠለ። ወይና ደጋ ላይ በጦር የተዘጋው ጥያቄ በጎንደር በቃል ተከፈተ። በቃል መሆኑ ግን ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው።

ቤተሰባቸውም ሰላም አልነበረውም። ዙፋን ባለበት ቤት ወንድም ለወንድም ያሰጋል። ፋሲል የንጉሥ ልጆችን በአንድ ተራራ ላይ ማስቀመጥ የሚለውን የቆየ ልማድ መልሰው አቋቋሙ። ቦታው ወህኒ ይባላል፤ በቤለሳ የሚገኝ ገደላማ አምባ ነው። ዘውድ ሊመኙ የሚችሉ መሳፍንት በዚያ በግዞት ይቀመጡ ነበር። ዛሬ በአማርኛ ማረሚያ ቤቱን ሁሉ ወህኒ ቤት ስንል የምንጠራው የዚያን ተራራ ስም ነው። በሕይወታቸው መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1666፣ የገዛ ልጃቸው ዳዊት ሸፈተባቸው። ያዙትና ወደዚያው ወህኒ ላኩት። ከአባታቸው ዙፋን ያለ ጦር የተቀበሉት ሰው በልጃቸው ጦር ተነሣባቸው። ይህ ኀዘን በዜና መዋዕሉ መስመሮች መካከል ተደብቆ ይታያል።

አፄ ፋሲል በጥቅምት ወር 1660 ዓ.ም. በአዘዞ ዐረፉ። ሠላሳ አምስት ዓመታት ነግሠዋል። ልጃቸው ዮሐንስ ተተካ፤ ጻድቁ ዮሐንስ የተባሉት ናቸው። ዮሐንስም፣ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱም ከጎንደር አልወጡም። እያንዳንዱ በአያቱ ግንብ አጠገብ የራሱን ግንብ እየጨመረ ፋሲል ግቢ ዛሬ የምናየው ሆነ። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር የከበበው ይህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ጎንደር ከፋሲል በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የነገሥታት መናገሻ ሆና ኖረች።

ነገር ግን ቋሚ ከተማ የሠሩት ንጉሥ በዚያች ከተማ አልተቀበሩም። አስከሬናቸው በጀልባ ጣናን ተሻግሮ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዐረፈ። በዚያ ደሴት ሴት አትገባም፤ ዝምታ ይነግሣል። እስከ ዛሬ አጽማቸው ከሌሎች ነገሥታት አጽም ጋር በገዳሙ ተጠብቆ ይገኛል።

ሰውየው በደሴቱ ዐረፉ፤ ስማቸው ግን ከጎንደር አልወጣም። መቶ ዓመት ሳይሞላ በጎጃምና በዳሞት ሌላ ፋሲል ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ ግሽ ለማለፍ ፈቃድ የጠየቀው ይህን የዳሞት ገዥ ፋሲልን ነው። ራስ ሚካኤል ስሑልን ሲዋጋ የኖረ ብርቱ የጦር ሰው ነበር። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ሥራው የተለየ ነው። የመጀመሪያው ፋሲል ለነገሥታቱ ማዕከል ሠሩ፤ ሁለተኛው ያ ማዕከል በራሶች ፉክክር ሲናጋ በነበረበት ጊዜ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ሆኖ ኖረ። ስም አንድን ሰው ከሌላው ጋር ያገናኛል፤ ነገር ግን ሕይወትን አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከሰው ይልቅ በድንጋይ ላይ ኖረ። ግንቡ ከመሳፍንት ዘመን ጦርነት ተረፈ፤ ከመሐዲስቶች ቃጠሎ ተረፈ። ጣሊያን ጎንደርን ሲይዝ ግቢውን የጦር መምሪያ አደረገው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከአየር ሲደበድቡትም ክፉኛ ተጎዳ፤ ግን ቆመ። ለብዙ ዓመታት በ50 ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ ገበሬውም ነጋዴውም በኪሱ ይዞት ዞረ። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። በስማቸው የሚጠራው መዋኛ ደግሞ በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ማታ ታቦታቱን ይቀበላል፤ ከቀሃ ወንዝ የሚመጣ ውኃ ይሞላበታል፤ ጥር 11 ቀን ንጋት ካህናቱ ባርከውት ወጣቱ ይጠመቅበታል። በመዋኛው ቅጥር ላይ የተተከሉት ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ እንደ ጣት ጠቅልለው ይታያሉ፤ ግንቡን ያፈርሱት ይሁን ይደግፉት ለማለት እስኪያስቸግር ድረስ።

ስሙ ወደ ሜዳም ገባ። ጎንደሬው በእግር ኳስ ቡድኑን ፋሲል ከነማ ብሎ ጠራው፤ ደጋፊው አፄዎቹ ይላቸዋል። የሚጫወቱበት ሜዳ ፋሲለደስ ስታዲየም ነው። ቡድኑ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በ2011 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ለጥቂት አጥቶ የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨዋታዎቹ ይካሄዱ የነበረው በተመረጡ ከተሞች ነው፤ ቡድኖቹ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ አብረው ይዘዋወሩ ነበር። የድንኳን መንግሥትን ያቆሙት ንጉሥ ስም የሀገሪቱን ዋንጫ ያነሣው እንግዲህ ከቤቱ ርቆ፣ እንደ ጥንቱ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተጓዘ ነው።

ለስታዲየሙ ታዳጊ ፋሲል ማለት ግብ ነው፤ ለቱሪስቱ ፋሲል ማለት ግንብ ነው፤ ለተጠማቂው ፋሲል ማለት ውኃ ነው። ሁሉም ልክ ናቸው። ግን በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ወይና ደጋ ሜዳ ላይ የቆመው ሰው ሊጠፋ አይገባም። ግንቡ የተሠራው ከዚያ ሜዳ በኋላ ነው። ፋሲል ድንጋይ ከመደርደራቸው በፊት በወገን መካከል የነበረውን ጦርነት ማስቆም ነበረባቸው። ሰዎች በሚጋደሉበት ሀገር ከተማ አይቆምም፤ ገበያ አይደራም፤ ኖራ አይቃጠልም። የጎንደር መሠረት የመጀመሪያው ድንጋይ አይደለም፤ አባትና ልጅ በሬሳ መካከል ተነጋግረው ድል በቃን ያሉበት ቀን ነው። ያን ሰላም ለማጽናት ደግሞ ንጉሡ ያደረጉት ሁሉ የሚያስመሰግን አልነበረም። ስማቸውን ስንጠራ ሁለቱንም መጥራት አለብን።

ወደ ተነሣንበት ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከወሎ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ካዛንቺስ አለ። ስሙ በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የመጣ ነው። በቅርቡ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ከነባር ቤቶቹ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ስሙ ግን አልፈረሰም፤ ነገም ታክሲ ረዳቱ ካዛንቺስ ካዛንቺስ እያለ ይጠራል። ስም ከቤት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ነገር ግን ታሪኩን የሚነግር ሰው ካጣ የሚቀረው ድምፁ ብቻ ነው።

ፋሲል የሚለው ስም ከአንጾኪያ ሰማዕት ተነሥቶ፣ በመገዘዝ ሕፃን ላይ አርፎ፣ በጎንደር ድንጋይ ላይ ጸንቶ፣ በፋሲለደስ ስታዲየም ዝማሬ ሆኗል። ሌላው ቀርቶ ልጁን ፋሲል ብሎ የሚጠራ አባት፣ ልጁ ለምን በዚህ ስም እንደተጠራ ሲጠይቀው የሚነግረው ታሪክ አለው። ንጉሡ ከግንባቸው በፊት ሰላምን ሠሩ፤ የሠሩትም ሰላም ዋጋ ነበረው ብሎ ይነግረዋል። ልጁም አንድ ቀን ጥምቀትን ለማክበር ጎንደር ሲሄድ፣ ግንቡን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ስሙን በድንጋይ ላይ ያገኘዋል።